እንግዳን መቀበል ከመንገድ ይጀምራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንግዳ አቀባበል ነው። ነገር ግን ተጠርቶ ስለሚመጣ ታዳሚ ወይም ስለ ዘመድ እንግዳ አይደለም። ስሙን ስለማናውቀው፣ ቋንቋውን ስለማንሰማው፣ በቢስክሌት ተቀምጦ ከሩቅ አገር ስለሚመጣ መንገደኛ ነው። ድንኳኑን፣ ልብሱንና ማብሰያውን በቢስክሌቱ ግራና ቀኝ ጭኖ፣ በቀን 80ም 100ም ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ የሚወርድ ሰው አለ። በጎንደርም ሆነ በጎጃም አውራ ጎዳና ዳር የምትኖሩ ሲያልፍ አይታችሁት ይሆናል። በመኪና የሚሄድ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ይህን ግን ፀሐዩም፣ ዝናቡም፣ ውሻውም ያገኘዋል። ውሃው ሲያልቅበትና ሲመሽበት ከሰው ደጅ ከመቆም በቀር ሌላ ብልሃት የለውም።

«እንግዳ» የሚለው ቃላችን ከየት እንደ መጣ ልብ በሉ። በግእዝ «ነግድ» ይባላል፤ መንገደኛ፣ ስደተኛ፣ በሰው አገር የሚያድር ማለት ነው። «ነጋዴ» የምንለውም ከዚሁ ከአንዱ ሥር የወጣ ነው፤ ነጋዴው አገር ለአገር የሚዞር ነውና። እንግዲህ አባቶቻችን እንግዳን ሲሰይሙት ከሚያርፍበት ቤት ሳይሆን ከሚሄድበት መንገድ ስም አወጡለት። የዛሬው ነገራችን ሁሉ ከዚህች ቃል ጋር ይሄዳል።

አባታችን አብርሃምን እንመልከት። በዘፍጥረት መጽሐፍ በ18ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ቀትር በሆነ ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ከፊቱ ቆመው አየ። የመቶ ዓመት ሽማግሌ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሰው ነው፤ ፀሐዩም የቀትር ፀሐይ ነው። «ይምጡና ያንኳኩ» ብሎ አልተቀመጠም፤ ተነሥቶ ሊቀበላቸው ሮጠ። ከዱቄቱና ከጥጃው አስቀድሞ የነገራቸውም የእግር ውሃ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን በዚህ ላይ የሚተርኩት አለ። አብርሃም ያለ እንግዳ ማዕድ የማይቀርብ ሰው ነበረና፣ ሰይጣን በዚህ ቀንቶ ራሱን በድንጋይ ፈንክቶ፣ ደሙን እያፈሰሰ በመንገድ ዳር ቆመ። ወደ አብርሃም ቤት የሚሄደውን መንገደኛ ሁሉ «አብርሃም እንግዳ የሚቀበለው ድሮ ነው፤ ዛሬስ ይኸው ደብድቦ ሰደደኝ» እያለ መለሰው። አብርሃምም ሦስት ቀን እንግዳ አጥቶ ጦሙን ዋለ፤ በሦስተኛውም ቀን ሥላሴ ከቤቱ ገቡ። እንግዲህ ጠላት የአብርሃምን ማዕድ አልነካም፤ ድንኳኑንም አላቃጠለም። መንገዱን ብቻ ያዘ። መንገዱ ከተያዘ ማዕዱ የሚበላው እንደሚያጣ ያውቃልና።

ከእኛ ርቆ በባሕር ማዶ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. አሜሪካውያን የነፃነታቸውን ሁለት መቶኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ ከምሥራቁ ባሕር እስከ ምዕራቡ ባሕር አገሩን የሚያቋርጥ የቢስክሌት መንገድ ተቀየሰ፤ ርዝመቱ 6800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም በዚያው ዓመት ተጓዙበት። መንገዱ በቨርጂኒያ አፍተን በምትባል መንደር በኩል ከባድ ዐቀበት ይወጣል። በዚያ ዐቀበት ላይ ጁን ከሪ የተባሉ ሴት ከአባታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ብስክሌተኞቹ ላብ አጥምቋቸው ሲወጡ አይተው ውሃ ይሰጧቸው ጀመር። ቀጥሎም መንገደኞቹ እንደ ተራቡ ባዩ ጊዜ ብስኩት እየጋገሩ ያቀምሷቸው ጀመር፤ በመጨረሻም በአጠገባቸው የነበረውን ቤት ለብስክሌተኞች ማደሪያ አደረጉት። አባታቸው ከሞቱ በኋላም አልተዉትም። በ2012 በ91 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ስማቸው በዓለም ብስክሌተኞች ዘንድ «የብስኩቷ እመቤት» ነበር። ያደረ መንገደኛ በነጋታው ይሄዳል፤ አብዛኛውም ተመልሶ አያያቸውም። ነገር ግን አገሩ ሲገባ ፖስታ ካርድ ይልክ ነበርና የዚያ ቤት ግድግዳ በካርድ ተሸፈነ።

ይህች ቤት የተጀመረችው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ ውሃውም የተሰጠው በመንገድ ዳር ነው።

በ1993 ደግሞ ብስክሌተኞች ራሳቸው እርስ በርሳቸው የሚያሳድሩበት ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ «ዋርም ሻወርስ» ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ የሙቅ ውሃ መታጠቢያ እንደ ማለት ነው። አባሉ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ያሳድራል፤ እርሱም በተራው በሌላ አገር ያድራል። ከስሙ ሁሉ መርጠው በውሃ መጠራታቸው ደስ ይለኛል፤ በአብርሃምም ደጅ፣ በእኛም አገር ሲመሽ ለመጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀርብለት የእግር ውሃ ነውና። ዛሬ ያሳደረ ነገ ይታደራል መባሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታችን ብድር ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ እንዳስተማረን አንርሳ፤ በዚህስ ያች የአፍተን ሴት ትበልጣለች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። «እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባዮች ነን» ማለትን እንወዳለን። ሐሰትም አይደለም። «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ የሰጠ ሕዝብ ነው። በ1963 ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በቢስክሌት የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ፣ በ1966 መጨረሻ ወደ እኛ መጥታ በደጋው አገር እስከ አዲስ አበባ በቅሎ እየሳበች በእግሯ ተጓዘች፤ ጉዞዋንም በ1968 ባወጣችው መጽሐፍ ጻፈችው። በየመንደሩ ባላገር ከጎጆው አሳድሯታል፤ በመንገድ ደግሞ ሽፍታ ዘርፏታል። ያሳደራትም የዘረፋትም የአንድ አገር ሰው ነው። በቤት ውስጥ አንድ ዓይነት፣ በመንገድ ላይ ሌላ ዓይነት ሆነን ተገኘን።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ያለፉ ብዙ ብስክሌተኞች በጉዞ ማስታወሻቸው ሁለት ነገር አብረው ይጽፋሉ። አንደኛው ቡና አፍልቶ ያቀረበላቸው ሰው ደግነት ነው። ሁለተኛው «ዩ! ዩ!» እያሉ እየተከተሉ ድንጋይ የሚወረውሩባቸው ልጆች ናቸው። ይህ ወሬ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ደቡብ በመንገደኞች መካከል የታወቀ ነው፤ ወደ እኛ ሳይደርስ በፊት መንገደኛው ሰምቶት ይመጣል። ያ ሰይጣን በመንገድ ቆሞ ያወራው ወሬ ሐሰት ነበር። የእኛን ግን ሐሰት ነው ብለን ማስተባበል አልቻልንም።

ልጆቹን ብቻ አልወቅስም። እረኛ ከብቱን የሚመልሰው በድንጋይ ነው፤ ማሳውን ከወፍ የሚጠብቀው በወንጭፍ ነው። ድንጋይ ለእጁ ቅርብ ነው፤ ልቡም ወደ ጨዋታ ያደላል። ሆኖም የዓባይን በረሃ ቁልቁለት 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ሰው በፍጥነት ላይ ሳለ የጡጫ ያህል ድንጋይ ቢያገኘው ገደሉ ከአጠገቡ ነው። በጨዋታ የተወረወረም ቢሆን ግንባር ይፈነክታል። የሚያሳዝነኝ ከልጁ ይልቅ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ እያየ ዝም የሚለው ትልቅ ሰው ነው። በጥምቀት ቀን ታቦት ሲያልፍ ልጁን «አርፈህ ቁም» ብሎ የሚገሥጽ አባት፣ የእግዚአብሔር እንግዳ ሲያልፍ ስለ ምን ዝም ይላል?

እኔም በተማሪነቴ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ስሄድ፣ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብያለሁ። ለቆሎ ተማሪ ከረኃቡ ይልቅ የሚከፋው ውሻው ነው። አንዳንዱ ቤት ውሻው እስኪጠግበን ታግሦ ቁራሹን በአጥር ላይ ይወረውርልን ነበር። በሌላው ቤት ግን እናቲቱ ጩኸታችንን ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው ሮጠው ወጥተው ውሻውን በአንገቱ ይይዙት ነበር። አንዳንድ ጊዜም የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውም፤ «እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ» ብለው ይሸኙናል። ከሁለቱ ቤት በማን ደጅ በደስታ እንመለስ እንደ ነበር ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን በብዙ ስፍራ መንገዱ ለእንግዳው ቀርቶ ለተወላጁም የሚያስፈራ ሆኗል። ያን ለማቅናት የብዙ ሰው ልብ መመለስ አለበት፤ ጸሎታችንም አይቋረጥ። በየደጃችን ፊት ያለችው የመንገድ ቁራጭ ግን የእኛ ናት። የጎዳና ዳር አጥቢያ ካህናት ሆይ፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለወላጆች ንገሩ። የንስሐ አባቶችም የንስሐ ልጆቻችሁን ስትጠይቁ ስለዚህ ጠይቁ። እናንተም የቤት እመቤቶች፣ ብስክሌተኛ ሲያልፍ ስታዩ አስቀድማችሁ ውሻውን ያዙ። ልጁንም ቆጥታችሁ ብቻ አትተዉት፤ ማሰሮውን ወይም ጆጉን አስይዛችሁ ወደ መንገዱ ላኩት። ውሃ የያዘ እጅ ድንጋይ አያነሣም፤ መንገደኛውም ቋንቋችንን ባይሰማ የልጁን ፈገግታ ይሰማል። ውሃው የፈላ ቢሆን መልካም ነው፤ የሰው አገር ሆድ ለምንጫችን አልለመደምና። ገንዘብ ልስጥ ቢል ልጁ እንዳይቀበል አስቀድማችሁ ንገሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።