አንድ ስልክ፣ ሦስት ተማሪ

እሱ፦ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ጅቡቲ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ቤት መማሪያ ክፍል ሆነ።

እሷ፦ የትኛው ቤት? ባልባላ ሰፈር ብትሄድ ስንቱ የሚኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሙቀቱ እንደምታውቀው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ግን ትምህርቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር እኮ።

እሷ፦ ይተላለፍ ነበር፤ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ። እቤት የሚነገረው ደግሞ ሶማሊኛ ወይ አፋርኛ ነው፤ በእኛ በኢትዮጵያውያን ቤት አማርኛ። ልጅ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲላት እናት ምን ትበለው?

እሱ፦ ታላቅ እህት ታስረዳዋለቻ።

እሷ፦ የራሷን ትታ! እሱን እኮ ነው የምልህ። አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ ስልኩ አንድ፣ ተማሪው ሦስት። ታናናሾቿ ሲተኙ የስልኩን ብርሃን ዝቅ አድርጋ፣ ካርዱ ሳያልቅ፣ የነሱን ጥያቄ ደብተር ላይ ትገለብጥ ነበር።

እሱ፦ አባትየውስ?

እሷ፦ ወደብ። የወደቡ ሥራ መች ቆመ?

እሱ፦ እኔ ግን ደግ ነገርም አይቻለሁ። ሚያዝያ ላይ ረመዳን ገባ፤ ጎረቤቴ ከኢፍጣር በኋላ ልጁን አስቀምጦ ማባዛት ሲያስጠናው የሰማሁት ያኔ ነው።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው፤ ለልጁ የቀረበ አባት አለ።

እሱ፦ ልጅቷስ? ግንቦት ላይ የእንቅስቃሴ እገዳው ሲላላ አገኘሻት?

እሷ፦ አገኘኋት። የታናናሾቿን ትምህርት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስለራሷ ስጠይቃት ግን ዝም።

እሱ፦ አይ እህቴ…