ስለ ኦፔራ የኅብረት ዘፋኞች



በኦፔራ ቤት ውስጥ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው በዋነኞቹ ዘፋኞች ላይ ነው። ስማቸው በትልቅ ፊደል የሚታተመው፥ አበባም የሚበረከትላቸው እነርሱ ናቸው። በስተኋላቸው የሚቆመውን፥ ኮረስ የሚባለውን የኅብረት ዘፋኞች ጓድ ግን ብዙ ሰው እንደ መድረክ ጌጥ ይቆጥረዋል። ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን በኒውዮርክ ከተማ ባለው በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ምሳሌነት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1883 ሥራውን በጀመረው በዚህ ቤት 80 ያህል ቋሚ የኅብረት ዘፋኞች በደመወዝ ይሠራሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቆመው ለመዝፈን የሚበቁ የሠለጠኑ ድምፃውያን ናቸው። ዳሩ ግን ሥራቸው ድምፃቸውን ከባልንጀራቸው ድምፅ ማዋሐድ እንጂ ለይቶ ማሰማት አይደለም፤ ያረቀቀው ደብዳቤ በሌላ ሰው ፊርማ የሚወጣበት ጸሐፊ ይህን ሳይረዳው አይቀርም። ረጅም ዜማ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይተነፍሱም፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይይዝለታል፥ አድማጩም ክፍተቱን አያውቀውም። 3,800 ያህል ሰው የሚይዘውን አዳራሽ የሚሞሉትም ያለ ድምፅ ማጉያ ነው።

በመድረክ ላይ ወረቀት የሚይዝ የለም፤ ሁሉ በቃል ይጠናል። ጣሊያንኛ፥ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የዘወትር ቋንቋዎቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ጋንዲ የደቡብ አፍሪካ ዘመን የሚናገረው የፊሊፕ ግላስ «ሳትያግራሃ» ሲቀርብ ግን ቃሉ ሳንስክሪት ስለ ሆነ፥ የማይናገሩትን ቋንቋ እየተደጋገመ በሚሄድ ዜማ በቃላቸው መያዝ ግድ ሆነባቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከመድረክ ጀርባ ሆነው የሚያሰሙት ዘፈን ነው። ከዚያ ሥፍራ ድምፅ ወደ አዳራሹ ዘግይቶ ስለሚደርስ፥ ዘፋኙ ጆሮውን ትቶ በቴሌቪዥን የሚታየውን የመሪውን እጅ መከተል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1945 በመጀመሪያ የታየውን የቤንጃሚን ብሪተንን «ፒተር ግራይምስ» እንመልከት። የመንደሩ ሕዝብ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይጠረጥርና ያሳድደዋል። በመጨረሻው ገቢር አጥማጁ አእምሮው ተናውጦ ብቻውን ሲቀር፥ ኦርኬስትራው ዝም ይላል፤ የጉም ማስጠንቀቂያ የሚመስል የጡሩምባ ድምፅና ስሙን የሚጠራው ሕዝብ ብቻ ከሩቅ ይሰማሉ። በዚህ ጊዜ ዜማቸውን የሚደግፍ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፥ የሚሰማው የአንድ ግለሰብ ጩኸት እንጂ የመንደር ቁጣ አይሆንም።

እንዲህ ያለው ስምምነት በብዙ ዓመት አብሮ መሥራት የሚገኝ ነው። የዜማው ኖታ በመጻሕፍት ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ባልንጀራው የት እንደሚተነፍስ የሚያውቅ ሰው ግን ከተበተነ በኋላ በማስታወቂያ ተጠርቶ አይተካም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ቤቱን ሲያዘጋ፥ ዘፋኞቹ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቀሩ። ቤተ ሰብ ማስተዳደር ያለበት ሰው ድምፁን እየጠበቀ እስከ መቼ ሊቆይ ይችላል? አሳሳቢው ጉዳይ ይህ ነበር፤ ለአስተዳዳሪዎቹም ከመብራትና ከኪራይ ወጪ ይልቅ ሊያስጨንቃቸው የሚገባ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2021፥ በኒውዮርክ ላይ የደረሰው ጥቃት 20ኛ ዓመት በታሰበበት ዕለት፥ ጓዱ በአዳራሹ ተሰብስቦ የቨርዲን «ሬኩዌም»፥ ማለት የሙታንን ጸሎት፥ አሰማ። በዚህ ድርሰት የመጀመሪያውን ቃል የሚያወጡት ዋነኞቹ ዘፋኞች አይደሉም። ቃሉን እንደ ሹክሹክታ በሆነ ድምፅ የሚጀምሩት የኅብረት ዘፋኞቹ ናቸው።