«ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት ነው እንዴ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፉከራ አይደለም፤ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ነው። እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ዜና ላይ «የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ ወደ 20 ወረደ» ሲባል ትሰሙና «ታዲያ የቀነሰው ዘይት የታለ? ውሸታሞች!» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። እኔም ለጥፌያለሁ፣ አልደብቃችሁም። ግን እዚህ ጋ ተሸውደናል። ግሽበት ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ካቻምና 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ጨምሮ አምና 130 ገባ። ዘንድሮ ግሽበቱ «ወርዶ» 20 በመቶ ሆነ እንበል። ዕቃው ስንት ገባ? 156! ቁጥሩም አልዋሸም፣ የእናታችሁም ቦርሳ አልዋሸም። ካቻምና በ5,000 ብር ደሞዝ ይኖር የነበረ ሰው ያንኑ ኑሮ ለመኖር ዛሬ 7,800 ያስፈልገዋል። እንግዲህ ደሞዙ 7,800 ደርሷል ወይ? ክርክራችን እዚህ ላይ ይሁን።

ደሞ ዘንቢሉ አለ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከገበያ ዋጋ ይሰበስባል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃም ቤተሰብ ከሚያወጣው ወጪ ባለው ድርሻ ልክ ክብደት ይሰጠዋል። በኛ አገር ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይይዛል። ክብደቱ የሚወጣው ቀደም ብሎ ከተሠራ የቤተሰብ ወጪ ጥናት ስለሆነ ኑሮ ሲለወጥ ያረጃል። ከሁሉ በላይ ግን ዘንቢሉ የአማካይ ቤተሰብ ነው። ያላት ሁሉ ለምግብ የሚያልቅባት የጉሊት ነጋዴ አለች፤ ምግብ ከሌላው ዕቃ በላይ ሲወደድ የእሷ ግሽበት በዜና ከሚነገረው ይበልጣል። ባለ ቪላውም እሷም የሚነገራቸው ቁጥር ግን አንድ ነው።

«ድሮ ሁሉ ርካሽ ነበር» የሚል ሽማግሌ ካገኛችሁ ደግሞ በአክብሮት «ጋሼ፣ ያኔ ደሞዝዎ ስንት ነበር?» በሉት። የካቲት 1966 ቤንዚን 50 በመቶ ሲጨምር በዛሬ ዓይን የሳንቲም ጉዳይ ነበር፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ግን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዋጋውን ቀነስ ቢያደርግም አብዮቱን አላቆመውም። ሰው የሚለካው ከገቢው አንጻር ነዋ!

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ጠይቁ። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ የቤት ኪራይ፤ ዋጋቸውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ቀን ያንኑ መጠን፣ ከዚያው ገበያ ጠይቃችሁ ከጎኑ ጻፉና ይዛችሁልኝ ኑ።