አሮጌውን የመስኖ ሞተር እናድሰው ወይስ እንለውጠው?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ነው። «እንዴ! የፊደል አስተማሪና ሞተር ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ እኔ መካኒክ አይደለሁም። በመምህራን ማሠልጠኛ የተማርኩት ጠመኔ መያዝ እንጂ መፍቻ መያዝ አይደለም። ነገር ግን ያደግሁት ፎገራ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ብዙ ገበሬ በበጋ ቀይ ሽንኩርት የሚያለማው የወንዙን ውሃ በሞተር እየሳበ ነው። ሞተሩ ከቆመ ሽንኩርቱም ቆመ ማለት ነው።

አባቴ በቤንዚን የሚሠራ አነስተኛ ሞተር ነበረው። አንድ ዓመት ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ፣ ዘይትም መብላት ጀመረ። ባለሙያ ጠራን። እሱም ሞተሩን ፈታና የፒስተኑን ቀለበቶች ለወጠ። መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ጭሱ ጠፋ፤ ደስ አለን። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ጭሱ ተመለሰ፤ ሞተሩም ቆመ። ጊዜው ሽንኩርቱ ኮረት የሚይዝበት፣ ውሃ አጥብቆ የሚፈልግበት ነበር። ግማሹ መደብ ዓይናችን እያየ ደረቀ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ቀለበቱ አዲስ ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ግን ተበልቶ ነበር። ማንም አልለካውም። እኛም «ይለካልን» አላልንም። ስለዚህ እናንተ «ይታደስ» ወይም «ይለወጥ» ከማለታችሁ በፊት አራት ነገሮችን አድርጉ።

አንደኛ፣ የታመመው ሞተሩ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ውሃው ካነሰ፣ መሳቢያው ቱቦ አየር ያስገባ ይሆናል። ጭሱ ጥቁር ከሆነ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። አልነሳ ካለ ካንዴላውንና ቤንዚኑን እዩ። ብዙ ወር የተቀመጠ ቤንዚን ሞተር ላያስነሳ ይችላል። እነዚህ በትንሽ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሞተሩን እመቃ ፈትኑ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ከዚያ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጤነኛ ሞተር እጃችሁን ይታገላል። ልል ከሆነባችሁ ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ካንዴላውን መልሳችሁ አጥብቁና እንደገና ሳቡ። አሁን ከበደ? እንግዲያው የተበላው ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ነው። አሁንም ልል ነው? ባልቦላው ወይም የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን ይጠርጠር።

ሦስተኛ፣ አስለኩ። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ሲሊንደሩና ኮሎው ቶርኖ ቤት ሄደው ይለኩ። ሲሊንደሩ ተበልቶ ከሆነ በማሽን ይፋቃል። ሲፋቅ ይሰፋል። ስለዚህ የሚገባው ፒስተን ከቀድሞው 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ይሆናል። ያ ፒስተን ገበያ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ «ፋቀው» አትበሉ። ኮሎው ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ፣ መለዋወጫውም ከሌለ፣ በማደስ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አራተኛ፣ እርሳስና ደብተር አንሡ። የመለዋወጫውን፣ የቶርኖውን፣ የእጅ ሥራውንና የመጓጓዣውን ዋጋ ጽፋችሁ ደምሩ። ድምሩን ሞተሩ በሚያገለግልበት ዓመት አካፍሉ። የሚከተለው ቁጥር ለመለማመጃ ያህል ነው።

አዲስ ሞተር በ24,000 ብር ተገዝቶ 8 ዓመት ቢያገለግል፣ ለአንድ ዓመት 3,000 ብር ይደርሳል።
እድሳት 10,000 ብር ወጥቶበት 4 ዓመት ቢያገለግል፣ ለአንድ ዓመት 2,500 ብር ይደርሳል።
ያው የ10,000 ብር እድሳት 2 ዓመት ብቻ ቢያገለግል ግን፣ ለአንድ ዓመት 5,000 ብር ይደርሳል።

አያችሁ? ርካሽ የመሰለን ነገር ውድ ሆኖ ተገኘ። መልሱን የለወጠው የዓመቱ ቁጥር ነው። ዓመቱን ለመገመት የሚያስችለው ደግሞ ልኬቱ ነው። ሳይለኩ ማደስም ሆነ ሳይለኩ መጣል ሁለቱም በጨለማ መሄድ ነው። በሒሳቡ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ጥገናው ስንት ቀን ይፈጃል? ውሃ በሚያስፈልግበት ወር ሁለት ሳምንት መጠበቅ ማለት ማሳውን ማጣት ሊሆን ይችላል። እድሳት የሚያምረው ሞተሩ ሥራ በሚፈታበት በክረምት ነው።

የአባቴ ነገር እንዴት ሆነ? ሁለተኛው ጊዜ ሞተሩን አስለካው። ሲሊንደሩ መፋቅ ይችል ነበር፤ ኮሎው ግን ተበልቶ ነበር፤ ምትኩም አልተገኘም። ስለዚህ አዲስ ሞተር ገዛ። ውሃ የሚስበው ክፍል ደኅና ስለነበረና ልኩም ስለገጠመ፣ እሱን አልጣለውም።

ታደሰም ተገዛም፣ ሞተር እንክብካቤ ይፈልጋል። በብዙዎቹ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች የመጀመሪያው ዘይት 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ። የእናንተን ሞተር ሰዓት ከመመሪያው ላይ አንብቡ። የሠራበትንም ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

እስቲ አሁን መልመጃ ልስጣችሁ። በደብተራችሁ ላይ ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ወጪ፣ ዓመት፣ ቀን። በየቃሉ ሥር የራሳችሁን ሞተር ቁጥር ሙሉ። ሞተር የሌላችሁ የጎረቤታችሁን ጠይቁ። መካኒኩ ሲመጣ ደብተሩን አሳዩት። ቁጥር ጽፎ የሚጠይቅን ሰው ማንም በዋዛ አያየውም።

ለዛሬው በዚህ አበቃሁ። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።