የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ትምህርትና የመንግሥት ሠራተኛ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በዩኒቨርሲቲ ከሚሰጡት የኤኮኖሚ ትምህርት ክፍሎች አንዱ ስለ ሆነው፥ የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ስለሚባለው ትምህርት ነው። ስሙን ሲሰሙት የፋብሪካ መኪና አተካከልን ወይም የሠራተኛ አመዳደብን የሚያስተምር ይመስላል። በዚህ ትምህርት ቋንቋ ግን ኢንዱስትሪ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ ወይም አገልግሎት ለገበያ የሚያቀርቡ ሻጮች በጠቅላላው ማለት ነው። ሲሚንቶ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አንድ ኢንዱስትሪ ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪዎችም እንዲሁ። የትምህርቱ ዋና ጥያቄዎችም ሦስት ናቸው። በአንድ ገበያ ውስጥ ስንት ሻጭ አለ? አዲስ ሻጭ ልግባ ቢል የሚያግደው ምንድን ነው? ያሉትስ ሻጮች ይፎካከራሉ ወይስ ይመሳጠራሉ? ገዢው የሚከፍለው ዋጋ የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ይህ ትምህርት ከነጋዴው ይልቅ የመንግሥትን ሠራተኛ ይመለከታል ብል ማጋነን አይሆንም። ፈቃድ የሚሰጠው፥ ጨረታ የሚያወጣው፥ የዕቃውን ዓይነት በጽሑፍ የሚወስነው እርሱ ነውና። ነጋዴው ስለ ገበያ ሳይማር ቢቀር የሚጐዳው ራሱን ነው፤ ሹሙ ሳይማር ቢቀር ግን ዕዳው የሕዝብ ነው።

የትምህርቱ ሥር ረጅም ነው። የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ኦጉስተን ኩርኖ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሁለት ሰዎች ሁለት የማዕድን ውሃ ምንጮች ቢኖሯቸውና ለአንድ ገበያ ቢሸጡ ዋጋው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። የእኛ አገር አድማጭ የአምቦን ውሃ በሐሳቡ ይያዝና፥ ነገሩን በቀላል ቁጥር እንመልከተው።

ውሃውን ለማውጣት ምንም ወጪ የለም እንበል። ለገበያ 1 ሳጥን ብቻ ቢቀርብ በ11 ብር ይሸጣል፤ 2 ሳጥን ቢቀርብ እያንዳንዱ በ10 ብር፤ እንዲሁ እያለ ሳጥን በተጨመረ ቁጥር ዋጋው 1 ብር ይወርዳል። ምንጮቹ ሁለቱም የአንድ ሰው ቢሆኑ 6 ሳጥን አውጥቶ በ6 ብር ይሸጣል፤ ገቢውም 36 ብር ይሆናል። 5 ቢያወጣም 7 ቢያወጣም የሚያገኘው 35 ብር ነውና ከ6 አያልፍም። ባለቤቶቹ ሁለት ሆነው ሲፎካከሩ ግን እያንዳንዳቸው 4 ሳጥን ያወጣሉ፤ ዋጋው ወደ 4 ብር ይወርዳል፤ ለእያንዳንዳቸውም 16 ብር ይደርሳቸዋል። ሻጮቹ አምስት ቢሆኑ ዋጋው 2 ብር ይሆናል። በምንጮቹ ውሃ ላይ ምንም ለውጥ የለም፤ የተለወጠው የሻጩ ቍጥር ብቻ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ማታ ተገናኝተው «ለምን እንጐዳዳለን? እያንዳንዳችን 3 ሳጥን ብቻ እናውጣ» ቢባባሉስ? ዋጋው ተመልሶ 6 ብር ይሆናል፤ ለእያንዳንዳቸውም በ16 ብር ፋንታ 18 ብር ይደርሳቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ማበርን ሁላችንም እናመሰግናለን፤ ሻጮች ሲያብሩ የሚታሰረው አንበሳ ግን ገዢው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ነገር ግን ይህ ማኅበር በውስጡ ነቀዝ አለው። አንደኛው ቃሉን አፍርሶ በስውር 4 ሳጥን ቢያወጣ ዋጋው 5 ብር ይሆናል፤ እርሱ 20 ብር ሲያገኝ ባልንጀራው 15 ብር ብቻ ያገኛል። ስለዚህ በምሥጢር የተስማሙ ሻጮች ሁሉ ሌት ተቀን የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከመካከላችን የከዳውን እንዴት እናውቀዋለን? የሚል ነው።

በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ጆርጅ ስቲግለር በ1964 ባወጣው ጽሑፍ የመረመረው ይህንኑ ነው። ከእርሱ በፊት የሃርቫርዱ ኤድዋርድ ሜሰንና ደቀ መዝሙሩ ጆ ቤይን የሻጮችን ቍጥርና የመግቢያውን እንቅፋት መርምሮ የገበያውን ጠባይ መናገር ይቻላል ይሉ ነበር። ስቲግለር ግን ስምምነቱ የሚጸናው ከዳተኛው የሚታወቅ ሲሆን ነው አለ። የሰጠውም ምሳሌ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያስደነግጥ ነው። ጨረታ ሲከፈት ማን በስንት ዋጋ እንደ ቀረበ በአደባባይ ይነበባል፤ ስለዚህ በምሥጢር ዋጋውን የቀነሰ ተጫራች ወዲያው ይታወቃል። ለተመሳጠሩ ሻጮች ከመንግሥት የተሻለ ገዢ የለም ማለት ነው። ስቲግለር በ1982 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በ1993 የተዘጋጀ ኮንክሪት የሚሸጡ ኩባንያዎች በእርግጥ የሚያስከፍሉትን ዋጋ እየሰበሰበ በየስማቸው ማሳተም ጀመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገዢው አወዳድሮ በርካሽ እንዲገዛ ነበርና። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን በኦርሁስ ከተማ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ጉዳዩን የመረመሩት የኤኮኖሚ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፥ ኩባንያዎቹ የሌላውን ስውር ቅናሽ ማየት ስለ ቻሉ ለመቀነስ የሚደፍር ጠፋ።

እንግዲህ ጨረታን በዝግ ቤት እንክፈት ወይ? አይደለም። ግልጽነት የጉቦ መድኃኒት ስለ ሆነ መተው አይቻልም። የሚያስፈልገው መድኃኒቱ የሚያስከትለውን ሌላ ሕመም የሚያውቅ ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ አንዱን ጨረታ ለብቻው ተመልክቶ መዝገቡን አይዘጋም፤ የብዙ ዓመታቱን ጎን ለጎን ያስተያያል። የታወቁት ተጫራቾች ተራ በተራ ያሸንፋሉን? በተለያዩ ተጫራቾች ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ይገኛልን? አዲስ ተጫራች በገባ ጊዜ ዋጋው በድንገት ይወድቃልን? የተሸነፈው ከአሸናፊው ሥራ ተካፍሎ ይወስዳልን? እነዚህ ለብቻቸው ወንጀልን አያስረዱም፤ ግን ምርመራን ይጠራሉ። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ በጨረታ መመሳጠር ነው። አዋጁ ግን የሚያነብለት ዓይን ካላገኘ በራሱ አይሠራም።

ስለ መግቢያው እንቅፋትም ምሳሌው ቅርብ ነው። በአገራችን የቴሌፎን አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ለሁለተኛ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ጀመረ። ያልተማረ ሰው፥ ሻጩ ሁለት ሆነ፥ ውድድር ተጀመረ ብሎ ያልፋል። የተማረው ግን ይጠይቃል፤ ደንበኛው ቍጥሩን ሳይለውጥ ኩባንያውን መለወጥ ይችላልን? አዲሱ በነባሩ ምሰሶ የሚጠቀመው በምን ዋጋ ነው? ከአንዱ ወደ ሌላው ሲደወል ማን ለማን ይከፍላል? የፈቃዱ ወረቀት በሩን ይከፍታል፤ በሩ ሰፊ ወይም ጠባብ የሚሆነው በእነዚህ ዝርዝሮች ነው።

ትምህርቱን ለሚሹ፥ በተለይም ከሥራ በኋላ በማታው ክፍል ለሚማሩ፥ መንገዱ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የዋጋንና የወጪን መሠረት የሚያስተምረውን ማይክሮኤኮኖሚክስ፥ ቀጥሎ ካልኩለስንና ስታቲስቲክስን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያም የጨዋታ ቲዎሪ የሚባለው ይመጣል፤ ባልንጀራዬ ምን ያደርጋል ብዬ ሳስብ እኔ ምን ላድርግ የሚለውን በሒሳብ የሚመረምር ነው። ፈረንሳዊው ዣን ቲሮል በ1988 ያወጣው የትምህርት መጽሐፍ በዚሁ መንገድ የተጻፈ ሲሆን፥ ጸሐፊው በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሒሳቡ የሚያስፈራው ሰው ከላይ ያየነውን የሁለቱን ምንጮች ታሪክ ያስታውስ፤ በመደመርና በማባዛት ብቻ የተሠራ ነው። ተማሪው ከሒሳቡ ጋር የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንም ያንብብ፤ ስታንዳርድ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በ1911 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለምን ወደ 34 ኩባንያዎች እንደ ተከፈለ ይመርምር።

ክቡራን አድማጮች፤ ለአንድ ጤና ጣቢያ ጣሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ ከተገቢው ዋጋ በላይ ከተከፈለበት፥ ትርፉ የወጣው ከሚቀጥለው ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ነው። ይህም ስርቆት ማንም ሳጥን ሳይሰብር፥ ፊርማውና ማኅተሙ በየቦታው ተሟልቶ፥ በመልካም መዝገብ ሊፈጸም ይችላል። ታማኝነት ብቻ አያግደውም፤ ከታማኝነት ጋር ዕውቀት ያስፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር።