አሮጌ መኪና ከማደሳችን በፊት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ መኪና ነው። «በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሰው አሮጌ መኪና ምኑ ነው?» ትሉን ይሆናል። ነገሩ የሒሳብ ነገር ነው። የወፍጮ ሞተርም ሆነ የውሃ ፓምፕ ሲያረጅ ጣጣው ያው ነው።

እኛ አራት ተማሪዎች ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ገዛን። ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠች ትንሽ መኪና ናት። መጀመሪያ የተሠራችው ጀርመን አገር ነው። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከሚገኝ ፋብሪካ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አዲስ አይሠራም። ስለዚህ ያሉት እንዲቆዩ መለዋወጫ ማግኘት አለባቸው።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? በቀረን ገንዘብ ቀለም አስቀባናት። ሙሽራ መሰለች። በሳምንቱ የኋላውን መቀመጫ ብናነሣ ወለሉ ተበሳስቶ መሬት ታየን! የዚህች መኪና ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የባትሪው አሲድ ላሜራውን በልቶታል። ለብየዳ ገንዘብ አልነበረንም። አንዱ ጓደኛችን ለእናቱ ሊልክ ያስቀመጠውን ብር አውጥቶ ሰጠ። ይህን ስናስብ ዛሬም እናፍራለን። ብየዳውም አዲሱን ቀለም አቃጠለው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኛ ነበር።

በዚህ አላበቃም። አምፖል ገዝተን ብንገጥም ብርሃኑ ደበዘዘ። ለካ የቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ የኋለኞቹ በ12 ቮልት። የእኛ መኪና ባለ 6፣ የገዛነው አምፖል ባለ 12 ነበር። ያም ብር ባከነ።

ከዚህ በኋላ ደብተር ገዛን። እንዲህም አደረግን፦

1ኛ. ምንም ሳንገዛ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች መረመርን። የጎደለውንና የተበላሸውን አንድ በአንድ ጻፍን።

2ኛ. የጻፍነውን በሦስት ከፈልን። መጀመሪያ ነፍስ የሚያድነውን፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ ወለል። ቀጥሎ መኪናዋን የሚያስኬደውን፦ ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን። በመጨረሻ የሚያሳምረውን፦ ቀለምና የመቀመጫ ልብስ።

3ኛ. የእያንዳንዱን ዋጋ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠየቅን። አሮጌውን ዕቃ በእጃችን ይዘን ሄድን፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያየን። የሠራተኛውንም ዋጋ ጨመርን።

4ኛ. ካለን ከ100 ብር 80ውን ለተጻፈው መደብን፤ 20ውን ላልታሰበ ችግር አስቀመጥን። አሮጌ ነገር ሲፈታ ሌላ ብልሽት ሳያሳይ አይቀርምና።

ገንዘቡ ካልበቃ ሥራውን እናቆማለን እንጂ ፍሬኑን ትተን ቀለም አንገዛም። ያላማረች መኪና ትሄዳለች፤ ፍሬን የሌላት ግን ሰው ትገድላለች።

ወገኖቻችን፤ እኛ ያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ እናውቅ ነበር፤ ግን አልጻፍንም። የከሰርነውም ስለዚህ ነው። እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ወፍጮም ሆነ ፓምፕ በጋራ ስታሠሩ ሒሳቡን በቃል አትያዙት፤ ጻፉት። ጽፋችሁም ለሁሉም አንብቡት። ያን ጊዜ ለእናት የተቀመጠ ብር ለእናት ይደርሳል።