የይለፍ ቃል፣ ቁልፍ እና የስልክ ቁጥር



ቡታጅራ ላይ በርበሬ የሚነግድ ወዳጅ አለኝ። የዱቤ መዝገቡን የያዘው ኮምፒዩተር ከሱቁ ዋይፋይ ጋር የተያያዘ ነው። የይለፍ ቃሉን ከእርሱና ከሠራተኛው በቀር ማንም እንደማያውቀው ነገረኝ። ቃሉ የራሱ የስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ በሱቁ ታፔላ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። እዚህ ወልቂጤም ይህን ልማድ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ታፔላውን እንተወውና አጥቂው ቁጥሩን ጨርሶ አያውቀውም እንበል። ዳብልዩፒኤ2 የተሰኘው የዋይፋይ ፕሮቶኮል የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ፣ የኔትወርኩን ስም እንደ ጨው ጨምሮ፣ ፒቢኬዲኤፍ2 በተባለው የቁልፍ ማመንጫ ፈንክሽን 4096 ዙር ካመላለሰ በኋላ 256 ቢት ቁልፍ ያወጣል። ስልክ ከራውተር ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት በአቅራቢያ ያለ ሰው ቀድቶ ቤቱ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግምቱን የሚፈትነው ራውተሩ ሳያየው ነው። በ09 ለሚጀምር ቁጥር የሚቀሩት 8 አኃዞች ናቸው፤ 100 ሚሊዮን አማራጭ። በሰከንድ 500,000 ግምት የሚፈትን የግራፊክስ ካርድ ሁሉንም በ200 ሰከንድ ይጨርሳል። አቦል ተጠጥቶ ቶና ሳይቀዳ ማለት ነው።

ፈንክሽኑን በአርጎን2 ብንተካውስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው ይህ ፈንክሽን ብዙ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ የግራፊክስ ካርዱን ብልጫ ይቀንሰዋል። ሆኖም ሥራውን ሺህ እጥፍ ቢያዘገየው እንኳ 200,000 ሰከንድ ነው፤ ሁለት ቀን ተኩል አይሞላም። ፈንክሽኑ ጊዜ ይገዛል እንጂ በቃሉ ውስጥ የሌለውን ምሥጢር አይፈጥርም።

ስለዚህ እኔ ከፈንክሽኑ ስም በፊት የምጠይቀው አጥቂው ግምቱን ብቻውን መፈተን ይችል እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዳብልዩፒኤ3 ይህን በር ዘግቷል፤ ለእያንዳንዱ ግምት ከራውተሩ ጋር አዲስ ልውውጥ ማድረግ ግድ ነው። ያም ቢሆን እንከን አላጣውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማቲ ቫንሆፍ እና ኤያል ሮነን የይለፍ ቃሉ ወደ ሒሳብ ነጥብ ሲለወጥ የሚወስደው ጊዜ ስለ ቃሉ ፍንጭ እንደሚሰጥ አሳዩ፤ የልወጣው ስልትም ተቀየረ።

ኤችኬዲኤፍን በይለፍ ቃል ላይ የሚያውሉ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችም ይገጥሙኛል። እርሱ ፈጣን ነው፤ ቦታው ቀድሞውኑ ጠንካራ የሆነ ምሥጢር ባለበት ነው፣ ለምሳሌ በቲኤልኤስ 1.3 ውስጥ።

የወዳጄ ራውተር አሮጌ ነው፤ ዳብልዩፒኤ3ን አያውቅም። ከ7,776 ቃላት ዝርዝር በዕጣ የወጡ አራት ቃላት ሰጠሁት፤ በዚያው ካርድ ከ230 ዓመት በላይ ይወስዳሉ። ወረቀቱን አየና «ሠራተኛዬ ይህን እንዴት ይይዘዋል?» አለኝ።